ነፋስ የሚያሳስበው ሕንፃ በምን ይታወቃል?

አንድ ሕንፃ በነፋስ ይወድቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ሌላ፣ ነፋስ ሲመታው ምን ያደርጋል ብሎ መጠየቅ ሌላ። የመጀመሪያውን ሁሉም ይጠይቃል፤ የግንባታ ደንቡ፣ ኮዱም፣ መንገዱን አሳምሮ አስቀምጦታል። ፍጥነቱን ከካርታ እናነባለን፣ ወደ ግፊት እንቀይራለን፣ በግድግዳው ስፋት እናባዛለን፣ ከዚያ ኮለኑንና (ምሰሶውን) ሸር ዎሉን (የጎን ኃይል የሚሸከመውን የኮንክሪት ግድግዳ) እንፈትሻለን። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው አርክቴክቱ ቅርጹን ከጨረሰ፣ ባለሀብቱም የወለሉን ስፋት ከቆረጠ በኋላ ነው። ያኔ ሕንፃው ለነፋስ ስሱ ሆኖ ከተገኘ የሚቀረው ምርጫ ወይ ኮንክሪት መጨመር፣ ወይ ውዝዋዜውን እንዲያበርድ ላይኛው ፎቅ ላይ ብዙ መቶ ቶን ማንጠልጠል ነው። ያው ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት ቢነሳ ግማሽ ገጽ የእጅ ሒሳብ ይበቃው ነበር።

እዚህ ላይ ከመሬት መንቀጥቀጥ ሒሳብ የተወረሰ ልማድ ብዙ ሰው ያሳስታል። ለመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ከሚገባው በላይ ግትር አድርጎ መገመት ወደ ደህናው ጎን መሳሳት ነው፤ ፔሬዱ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጅበት ጊዜ፣ ሲያጥር የሚሰላው ኃይል ይጨምራል። የኮዶቹ አቋራጭ የፔሬድ ቀመሮችም ሆን ተብሎ ወደ አጭሩ እንዲያደሉ የተደረጉት ለዚህ ነው። ለነፋስ ይህ ይገለበጣል። ነፋስ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚይዘው በዝግታ በሚመላለሱ ምቶች ውስጥ ነው፤ ሕንፃው ውዝዋዜው እየዘገየ በሄደ ቁጥር ወደ እነዚያ ምቶች ይጠጋል። ስለዚህ ፔሬዱን አሳጥሮ መገመት አደጋውን መደበቅ ይሆናል። ክብደትም እንደዚሁ ነው፤ ለመሬት መንቀጥቀጥ ጠላት የነበረው ክብደት ነፋስ ላይ ብዙ ጊዜ ወዳጅ ነው። ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ከኮንክሪት ወደ ብረትና ስስ ስላብ የተቀየረ ረጅም ሕንፃ መሠረቱ ይቀልለት ይሆናል፤ ላይኛው ፎቅ የሚኖረው ሰው ግን ልዩነቱን በሆዱ ያውቀዋል።

እናም የመጀመሪያው ቁጥር ፍሪኩዌንሲው ነው፦ ሕንፃው ተገፍቶ ቢለቀቅ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል? የአውሮፓው ኮድ ዩሮኮድ ከ50 ሜትር በላይ ለሆኑ ሕንፃዎች የሰጠው ቀመር ከዚህ በላይ ሊያጥር አይችልም፤ 46ን ለከፍታው በሜትር ማካፈል ነው። ለ92 ሜትር ግማሽ ኸርዝ፣ ለ200 ሜትር 0.23 ኸርዝ ይወጣል። የአሜሪካው ኮድ ድንበሩን 1 ኸርዝ ላይ አስምሯል፤ ከዚያ በታች የሆነ ሕንፃ ተለማጭ ይባልና የንዝረቱ ድርሻ ተጨምሮ ይሰላል። የህንዱ ኮድ ቅጥነትንም ያያል፤ ቁመቱ ከጠባቡ ጎን 5 እጥፍ ገደማ ካለፈ ፍሪኩዌንሲው ከ1 በላይ ቢሆንም የንዝረት ሒሳብ ይጠይቃል። አቋራጭ ቀመር ለመጀመሪያ ግምት ነው። የኮምፒውተር ሞዴል ሲመጣ ግን ከፕሮግራሙ የወጣውን ቁጥር እንዳለ መቀበል አይገባም፤ ሞዴሉ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸውና። መሠረቱ ከመሬት ጋር ተቆልፏል ተብሎ ከተሰጠ የአፈሩ መለመጥ ይረሳል፤ ሕንፃው ከእውነቱ የበለጠ ግትር ይመስላል። የሊፍት ኮሩን (ሊፍቱን የሚከበውን የኮንክሪት ግድግዳ) ሁለት ግማሾች የሚያያይዙት አጫጭር ቢሞች ለአየር ቱቦ ማሳለፊያ ተብለው በኋላ ከተበሱ፣ ሁለቱ ግማሾች አንድ ሆነው መሥራታቸው ይቀንሳል። የተሰነጠቀ ኮንክሪት ግትርነቱ ይቀንሳል፤ ለከባዱ ማዕበል የሚሠራው ሞዴልና ለዕለት ተዕለት ነፋስ የሚሠራው ሞዴል አንድ መሆን የለባቸውም። በተቃራኒው የብሎኬት ግድግዳዎች በሞዴሉ ውስጥ የሉም፣ በሕንፃው ውስጥ ግን አሉ፤ ለትንንሽ ንዝረት ግትርነት ይጨምራሉ፣ ንዝረቱ ሲያድግ ይለቃሉ። ለዚህ ሁሉ የሚሻለው አንድ ትክክለኛ ቁጥር ማሳደድ ሳይሆን ሁለት ሞዴል መሥራት ነው፤ አንዱ ላላ ያለ፣ ሌላው ጠበቅ ያለ። ውሳኔው በሁለቱ መካከል የሚገለበጥ ከሆነ ሕንፃው ስሱ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ቁጥር ዳምፒንግ ነው፤ ንዝረቱ በራሱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚበርድ። ከሁሉም ቁጥሮች ይኼኛው ነው እምነት የማይጣልበት፤ ሕንፃው እስኪቆም ድረስ የሚለካ ነገር የለም፣ ቢቆምም መለኪያው ቀላል አይደለም። የዩሮኮድ ሰንጠረዥ በንዝረት ብርደት ስሌት ለኮንክሪት ሕንፃ 0.10፣ ለብረት ሕንፃ 0.05 ይሰጣል። ለ2π ተካፍሎ በመቶኛ ሲታይ 1.6 እና 0.8 ነው። ከመሬት መንቀጥቀጥ ሒሳብ የለመድነውን 5 በመቶ እዚህ ማምጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያ አኃዝ መዋቅሩ እየተሰነጣጠቀ ጉልበት ሲውጥ የሚገኝ ነው። በየወሩ የሚመላለስ ነፋስ ውስጥ ማንም ሕንፃው እንዲሰነጣጠቅ አይፈልግም። ዳምፒንጉ በግማሽ ሲቀንስ በነፋሱ ምት የሚመጣው የውዝዋዜ ድርሻ 40 በመቶ ያህል ያድጋል።

ከነፋሱ ወገን ያለው ሒሳብ ቀላል ይመስላል። ግፊት የአየር ጥግግት ግማሽ በፍጥነት ካሬ ነው፤ 25 ሜትር በሰከንድ 390 ፓስካል፣ እጥፉ 50 ሜትር በሰከንድ ደግሞ 1560 ፓስካል ይሰጣል፤ አራት እጥፍ። ስሕተቱ የሚገባው የፍጥነቱ አማካይ በስንት ጊዜ የተወሰደ ነው የሚለው ላይ ነው። ዩሮኮድ የ10 ደቂቃ አማካይ ይጠቀማል፤ የአሜሪካው ኮድ የ3 ሰከንድ ምት። ገላጣ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 1.4 እስከ 1.5 እጥፍ ይበልጣል። አንዱን በሌላው ኮድ ቀመር ውስጥ ያስገባ ሰው ግፊቱን ወይ እጥፍ አድርጎታል ወይ ግማሽ። ፍጥነት ተጽፎ የአማካዩ ጊዜ ያልተጻፈበት የጭነት ሪፖርት ይህን እስኪያስተካክል መመለስ አለበት። በነገራችን ላይ የ50 ዓመት ነፋስ የሚባለውም ብዙ ያሳስታል፤ በየዓመቱ 2 በመቶ ዕድል ያለው ነፋስ ስለሆነ ሕንፃው በ50 ዓመት ዕድሜው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያየው ዕድል 64 በመቶ ያህል ነው።

እስካሁን ያለው ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ስለሚመጣ ግፊት ነው። ረጃጅም ሕንፃዎችን ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ከነፋሱ ጎን ለጎን፣ ተሻግሮ የሚመጣው ውዝዋዜ ነው። ነፋስ አንድን ግንብ ሲያልፍ ከኋላው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አዙሪት ይለቃል፤ እያንዳንዱ አዙሪት ሕንፃውን ወደ ራሱ ጎን ይስባል። የአዙሪቱ ድግግሞሽ የሚገኘው ስትሩሃል የሚባለውን ቁጥር በፍጥነቱ አባዝቶ ለሕንፃው ስፋት በማካፈል ነው፤ ቁጥሩ ለካሬ ቅርጽ 0.12፣ ለክብ 0.18 ገደማ ነው። የአዙሪቱ ድግግሞሽ ከሕንፃው ፍሪኩዌንሲ ጋር የሚገጥምበት ፍጥነት ወሳኙ ፍጥነት ይባላል።

200 ሜትር ከፍታ፣ 30 በ30 ሜትር ስፋት ያለው ግንብ እንውሰድ። ፍሪኩዌንሲው 0.23 ኸርዝ ከሆነ ወሳኙ ፍጥነት 30 ሲባዛ በ0.23 ሲካፈል ለ0.12 ነው፤ 57.5 ሜትር በሰከንድ። በካርታው ላይ 25 ሜትር በሰከንድ የተጻፈበትና ዙሪያው በቤቶች የተሞላ ቦታ ቢሆን አናቱ ላይ ያለው አማካይ ፍጥነት በዩሮኮድ ቀመር 35 ገደማ ይደርሳል። የኮዱ ሕግ ወሳኙ ፍጥነት ከዚህ 1.25 እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ማለትም ከ44 ካለፈ፣ ጉዳዩ ሊተው ይችላል ይላል። ስለዚህ ይህ ግንብ እዳው ገብስ ነው። አሁን መሬቱ ጠበበና ስፋቱ 20 ሜትር ሆነ፤ ሕንፃውም ቀጥኖ ፍሪኩዌንሲው ወደ 0.17 ወረደ እንበል። ወሳኙ ፍጥነት 28 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። ይህ አናቱ ላይ የሚጠበቀው ነፋስ ውስጥ በደንብ የሚካተት ፍጥነት ነው። ከፍታው አልተለወጠም፣ ካርታው አልተለወጠም፤ ጠቅላላውን የነፋስ ኃይል ብቻ ያየ ሰው እንዲያውም ፊቱ ስለጠበበ ጭነቱ ቀነሰ ይል ነበር። በእኔ እይታ ይህችን ባለሁለት መስመር ሒሳብ ሳይሠራ ቀጭን ግንብ የሚነድፍ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሄደው።

የብረት ጭስ ማውጫ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 45 ሜትር ከፍታ፣ 2 ሜትር ዲያሜትር፣ 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ውስጡ ያልተለበጠ ብረት ፍሪኩዌንሲው 1 ኸርዝ ገደማ ነው። ወሳኙ ፍጥነት 11 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 40 ኪሎሜትር፤ በአብዛኛው ቦታ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ የሚነፍስ ነፋስ ነው። ምን ያህል ይወዛወዛል የሚለውን የሚነግረን የስክሩተን ቁጥር ነው፤ ክብደትና ዳምፒንግ በአንድ ላይ ከአየሩ ጋር የሚመዘኑበት። የዚህ ብረት ክብደት በሜትር 400 ኪሎግራም፣ ብርደቱ 0.012 ስለሆነ ቁጥሩ 1.9 ብቻ ይወጣል። በዚያው ልክ ከኮንክሪት ቢሠራ፣ 20 ሴንቲሜትር ግድግዳ ይዞ፣ ከ30 በላይ ይደርሳል። 1.9 ማለት ጭስ ማውጫው አንዴ ከአዙሪቱ ጋር ከተቆላለፈ የሚይዘው የለም ማለት ነው። አይወድቅ ይሆናል፤ ግን በሰከንድ አንዴ ከተወዛወዘ በሰዓት 3600 ጊዜ፣ በድምሩ 280 ሰዓት በሚሆን ነፋስ 1 ሚሊዮን ጊዜ ይወዛወዛል። የሚጎዳው ግንዱ ሳይሆን እግሩ ነው፤ የታችኛው ፍላንጅ (ከመሠረቱ ጋር የሚያያይዘው የብረት ቀለበት) ብየዳ ጫፍ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ይጀምራል፣ የመልሕቅ ብሎኖቹ ይላላሉ፣ ሲላሉ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፣ ሲወርድ ወሳኙ ፍጥነትም ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ያነሰ ነፋስ ይበቃዋል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከአናቱ ሲሶ ያህሉ ላይ ሦስት ጠመዝማዛ የብረት ክንፎች ይበየዳሉ፤ ወርዳቸው የዲያሜትሩ አንድ አሥረኛ፣ እዚህ 20 ሴንቲሜትር፤ አንድ ሙሉ ዙር የሚጨርሱት በ5 ዲያሜትር፣ እዚህ በ10 ሜትር ነው። ሥራቸው አዙሪቶቹ በቁመቱ ሙሉ አንድ ላይ እንዳይለቀቁ መበታተን ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላሉ፤ ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ የሚመጣው ግፊት ያድጋል። ክንፍ የተጨመረለት ጭስ ማውጫ መሠረቱና ብሎኖቹ እንደገና ካልተሰሉ ችግሩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። በተርታ የቆሙ ጭስ ማውጫዎች ላይ ደግሞ ክንፎቹ ያን ያህል አይረዱም፤ እዚያ ዳምፐር፣ ማለትም ንዝረቱን የሚያበርድ መሣሪያ፣ ይሻላል።

አናት ላይ የሚቆም ትንሽ ነገር ትልቁን እንደሚያናውጥ የታየው ቻይና ሼንዘን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 18 ቀን 2021 የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይኖር የኤስኢጂ ፕላዛ ግንብ ተወዛወዘ፤ ውስጡ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሮጠ። ምርመራው ምክንያቱ አናቱ ላይ የቆሙት ምሰሶዎች በአዙሪት መንዘራቸው መሆኑን ገለጸ፤ ምሰሶዎቹም ተነሱ። የዚያን ዕለት ነፋስ ከባድ የሚባል አልነበረም። ለዚህ ነው አንቴናና የማስታወቂያ ምሰሶ ከሕንፃው ተለይቶ ብቻውን መፈተሽ ያለበት፤ የእሱ ፍሪኩዌንሲ ከሕንፃው ከፍ ካሉት የንዝረት ቅርጾች ከአንዱ ጋር ከገጠመ የጭነት ሰንጠረዡ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

የመጨረሻው መመዘኛ የሰው አካል ነው። ብዙ ሰው የሚፈትሸው የአናቱን መለመጥ ነው፤ ከፍታው ለ500 ተካፍሎ፣ ለ200 ሜትር 40 ሴንቲሜትር። ሰው ግን መለመጥን አይሰማም፤ የሚሰማው ፍጥነቱ የሚለዋወጥበትን ድንገተኛነት፣ ማለትም አክስለሬሽኑን ነው። በ0.2 ኸርዝ ከመሀል ወዲያና ወዲህ 10 ሴንቲሜትር የሚወዛወዝ አናት 0.16 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሰጣል፤ 16 ሚሊ ጂ፣ ማለትም የመሬት ስበት 16 ሺኛ። ብዙ ሰው 5 ሚሊ ጂ ገደማ ላይ መገንዘብ ይጀምራል፤ ለመኖሪያ ቤት በ10 ዓመት ነፋስ ከ10 እስከ 15፣ ለቢሮ ከ20 እስከ 25 ያህል እንዳያልፍ የሚለው የተለመደ ልክ ነው። ስለዚህ መለመጡ ከ40 ሴንቲሜትር በታች ሆኖ በሰላም ያለፈ ሕንፃ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ኮሩ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ከሆነ ደግሞ ሕንፃው ስለሚጠማዘዝ የማዕዘን ክፍሎቹ ከመሀሉ ይብሳሉ፤ ሒሳቡ ለመሀሉ ብቻ ከተሠራ ማዕዘን ላይ ያለው አፓርታማ ተረስቷል።

ቅርጽ ብዙ ይፈታል፤ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔም እሱ ነው፣ በጊዜ ከተጠየቀ። የ508 ሜትሩ ታይፔ 101 ማዕዘኖቹ ደረጃ እየሠሩ ወደ ውስጥ በመቆረጣቸው ብቻ መሠረቱ ላይ የሚመጣው የነፋስ ኃይል 25 በመቶ ያህል ቀንሷል፤ ያም ሆኖ 660 ቶን የሚመዝን ኳስ ማንጠልጠል አስፈልጎታል። 828 ሜትሩ ቡርጅ ከሊፋ ደግሞ ስፋቱን ከፎቅ ፎቅ ስለሚቀያይር አዙሪቶቹ በቁመቱ አንድ ላይ መስማማት ያቅታቸዋል።

አቅጣጫም አለ። ኒው ዮርክ ያለው ሲቲኮርፕ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1977 ሲጠናቀቅ ምሰሶዎቹ የቆሙት በማዕዘኖቹ ሳይሆን በጎኖቹ መሀል ነበር፤ የነፋሱም ሒሳብ ያተኮረው ፊት ለፊት በሚመጣው ላይ ነው። ከማዕዘን አቅጣጫ የሚመጣው ነፋስ በሰያፍ ብረቶቹ ላይ የሚያመጣው ተጨማሪ ኃይል፣ በብየዳ ፈንታ በብሎን ከተሠሩት መጋጠሚያዎች ጋር ተደምሮ ሲታይ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 መጋጠሚያዎቹ ላይ ሌሊት ሌሊት የብረት ሳህን መበየድ ግድ ሆነ። ጎረቤትም ሌላው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፌሪብሪጅ የኃይል ማመንጫ ላይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1965 ከቆሙት 8 ማቀዝቀዣ ግንቦች 3ቱ ወደቁ፤ የወደቁት ከኋላ ረድፍ ያሉት ነበሩ። ፊት ያሉት ከነፋስ ይከልሏቸዋል ተብሎ ሲታሰብ በመሀላቸው የሚያልፈው ነፋስ ይበልጥ እየተናወጠ ደረሰባቸው።

ዝቅ ያለ ሕንፃ አይወዛወዝም፤ የሚሄድበት ጣሪያው ነው። እዚህ ስሱነቱ የሚለካው በአንድ ብሎን ነው። የምቱ ፍጥነት 40 ሜትር በሰከንድ ከሆነ ግፊቱ 1000 ፓስካል ነው። ፐርሊኖቹ (ቆርቆሮው የሚመታባቸው አግዳሚዎች) በ1.2 ሜትር፣ ብሎኖቹ በ30 ሴንቲሜትር ቢራራቁ አንድ ብሎን 0.36 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ይይዛል። በጣሪያው መሀል ወደ ላይ የሚስበው ኃይል 33 ኪሎ ያህል ሲሆን ጠርዝና ማዕዘን ላይ 80 ኪሎ ይደርሳል። ሆኖም ብሎኑ ሁሉም ቦታ በእኩል ርቀት ሲመታ ማየት የተለመደ ነው። በማዕበሉ መሀል ትልቁ በር ከተሰበረ ነፋሱ ገብቶ ከውስጥ ይገፋል፤ የመሀሉ 33 ኪሎ 48 ይሆናል፤ የታሰበለት ለ33 ነበር። ብሎኑ ራሱ ብዙ ጊዜ አይበጠስም። ቆርቆሮው ነው በሮንዴላው ዙሪያ ወደ ላይ ወደ ታች እየታጠፈ ኮከብ በመሰለ ቅርጽ የሚሰነጠቀው፤ ከዚያ የብሎኑ ራስ አልፎት ይወጣል፣ ጭነቱም ወደ ቀጣዩ ብሎን ይዞራል። በፈረንጆቹ 1974 የገና ዕለት ሳይክሎን ትሬሲ የአውስትራሊያዋን ዳርዊን ሲያወድም የብዙ ጣሪያዎች አወዳደቅ ይህ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ የተሞከረ ቆርቆሮ በሺህ ጊዜ ምልልስ ምን እንደሚሆን የአውስትራሊያ መሐንዲሶች መሞከር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

ረጅሙ ግንብ በእጅ ሒሳብ ስሱ ሆኖ ከተገኘ ወደ ዊንድ ተነል፣ ማለትም ትንሽ ሞዴሉ ነፋስ እየተነፋበት ወደሚለካበት ላቦራቶሪ፣ ይሄዳል። ሞዴሉ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው 300 እስከ 500 ጊዜ ያነሰ ነው፤ በዙሪያው ያሉ ሕንፃዎችም አብረው ተሠርተው በየ10 ዲግሪው፣ በ36 አቅጣጫ ይለካል። የላቦራቶሪው ሪፖርት ሲመጣ መጀመሪያ የሚነበበው ገጽ ውጤቱ ሳይሆን የተጠቀሙባቸው ፍሪኩዌንሲ፣ ክብደትና ዳምፒንግ ነው። እነሱን የሰጠው መሐንዲሱ ነውና። ከፈተናው በኋላ ክብደቱ ቢለወጥ ወይ ኮሩ ቢቀጥን ሞዴሉን እንደገና ማስነፈስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የውጭ ቅርጹ ካልተለወጠ ያንኑ ልኬት በአዲሱ ቁጥር ማስላት ይበቃል። ይህን ሳይጠይቁ በአሮጌው ሪፖርት መቀጠል በጣም የተለመደ ነው። በዙሪያው ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዱ ነገ የሚፈርስ ከሆነም ያለእሱ የተደረገ ልኬት ማስጨመር ተገቢ ነው።

ዳምፐር ከተመረጠ ደግሞ ቦታውን መተው ከአሁኑ ይጀመራል። የተንጠለጠለ ክብደት ከሕንፃው ጋር እኩል መወዛወዝ አለበት፤ ለ0.20 ኸርዝ የገመዱ ርዝመት 6.2 ሜትር ነው። ሕንፃው ከቆመ በኋላ አናቱ ላይ አክስለሮሜትር ተቀምጦ በተራ ቀን ነፋስ ሲለካ ፍሪኩዌንሲው ከሞዴሉ ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ግድግዳዎቹ ይረዱታል። 0.22 ሆኖ ከተገኘ ገመዱ ወደ 5.1 ሜትር ማጠር አለበት፤ ከ1 ሜትር በላይ ለውጥ። ገመዱን መሀል ላይ የሚይዘውና ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንሸራተተው የብረት ማነቂያ፣ እሱን የሚሸከሙት ቢሞች፣ ክብደቱ ወዲያና ወዲህ ሲል የማይነካው ግድግዳ፣ ሠራተኛ ቆሞ ብሎን የሚያጠብቅበት መተላለፊያ ሁሉም በሥዕሉ ላይ መታየት ያለባቸው ያ ፎቅ ለሌላ ነገር ከመመደቡ በፊት ነው።